ባልና ሚስት የገደሉት ኤሲ

እኔ የደጋው የኮሶዬ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ የቆላው የመተማ። የተዋወቅነው እዚያው መተማ ሳስተምር ነው። ቆላ የኖረ ሰው ሙቀት ይለምዳል ይባላል፤ ውሸት ነው። ቆላ የኖረ ሰው የሚለምደው ኤሲ ነው። ወደ ጎንደር ተዛውሬ ፀዳ ላይ ቤት ስንሠራ ዕቃችን በጭነት መኪና መጣ፤ ኤሲው ከሁሉም በላይ በፍራሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብርጭቆዎቻችን ተሰባብረው ደረሱ፤ እሱን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም።

«ጎንደር ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» ብላት፣

«መጋቢት ሲገባ እጠይቅሃለሁ» አለችኝ።

መጋቢት ገባ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ መኝታ ክፍሉን ደግሞ የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ስትጠይቀኝ የሰማሁ አልመሰልሁም። ነገር ግን ያን ሰሞን ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የምቆመው ኤሲው ሥር ነበር። ክረምት ሲመጣ ነው የጠላሁት። ውጪ ጉም፣ ውስጥ ኤሲ! ባለቤቴ ብርድ ልብስ ደርባ ታበራዋለች፤ እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ።

ባለፈው ዓመት ማፍሰስ ጀመረ። ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ የሚንጠባጠበውም እኔ ትራስ ላይ ነው። አልጋውን አዞርነው፤ እግሬን አገኘው። ሳፋ አስቀመጥንለት፤ ድምፁ አላስተኛ ሲለን ሳፋው ውስጥ ፎጣ ከተትን። የሚድነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከኮሶዬ መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳፋውን ይዛ ትወጣና በር ላይ የተከለችውን ጤና አዳም ታጠጣበታለች። «ሸጋ ውኃ ነው፤ ምነው ታጉረመርሙበታላችሁ?» ትለናለች።

እኔ በልቤ የቆረጥሁት ነገር ነበረኝ፦ ይነቀል፣ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይደፈን፣ መስኮት ከፍቼ ልተኛ። ይህን በግልጽ ብናገር ግን ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ እንደሚከተል አውቃለሁ። ስለዚህ እራት ላይ ቀስ ብዬ፣ «ባለሙያ አይቶት ይጠገን» አልሁ። እሷም ወዲያው፣ «ይጠገን እንጂ! ምን ጎድሎት ይጣላል?» አለች። እናቴ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። «ዛሬስ ተስማማችሁ» ብላ ወደ እራቷ ተመለሰች።

ባለሙያው አዘዞ ያለ፣ ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግን ዕድሜው የገፋ ጎልማሳ ነው። ቅዳሜ ሊመጣ ተቀጠረ። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብዬ ወጣሁና ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ቆሜ ደወልሁለት።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ስትመጣ አየት አድርገውና ‹ሞቷል፤ አይጠገንም› በልልኝ።»

 ከወዲያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎም?... ማለቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ። የድካምህን አላስቀርብህም።»

«ይሁን ጋሼ። እንዳላችሁ።»

«እንዳላችሁ» ያለው ለአክብሮት መስሎኝ ዳቦዬን ይዤ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሰውዬው ቦርሳውንና መሰላሉን ይዞ መጣ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ አራት ሆነን ቆምን፤ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መሰላሉን ወጣ፣ ኤሲውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋና ራሱን ነቀነቀ። ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ።

ፊቴን ለማኮሳተር ብዙ ደከምሁ። ይልቅ የገረመችኝ ባለቤቴ ናት። እሪ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ እጇን አጣጥፋ፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለች። ያቺ ያለ ኤሲ አልተኛም የምትል ሴት! ወዲያው ደግሞ ሰውዬውን ሳሎን አስቀምጣ ምሳ አቀረበችለት፤ ለእኔ እንኳ ለበዓል ካልሆነ የማታወጣውን ቋንጣ ፍርፍር። እኔም እንዳላንስ ውኃ እየቀዳሁ «ብላ፣ አትፈር» እለዋለሁ። በዚህ ሁሉ መስተንግዶ መሐል ሰውዬው ቀና ብሎ አላየንም።

ባለቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲያው ነገ አራዳ ወርደን ብናመጣው አይሻልም?»

«ምኑን?»

«አዲሱን ነዋ! ያን ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ነጩን። ድምፅ የለው፣ ምን የለው...»

«የምን አዲስ? እኔ ቀዳዳውን የምደፍንበት ሲሚንቶ ልገዛ ነው እንጂ!»

 ሰውዬው የጎረሰውን ማኘክ አቆመ። እኔና እሷ ተፋጠጥን፤ ሁለታችንም አንድ ነገር እየገባን፣ ሁለታችንም መጀመሪያ መናገር ፈርተን። እናቴ ናት ያዳነችን፣ ወይም ያዋረደችን።

«አንተ ልጄ» አለችው ሰውዬውን፣ «ዓይኔ ደክሟል፤ ግን ክዳኑን ስትከፍት አላየሁም። ምነው ሳትከፍተው ሞተ አልህ?»

ሰውዬው ጉርሻውን በግድ ዋጠ።

«እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ትናንት እትዬ ደወሉና ‹ሞቷል በልልኝ፤ አዲስ እንዲገዛልኝ› አሉ። ዛሬ ጋሼ ደወሉና ‹ሞቷል በልልኝ› አሉ። ስንት ቤት ገብቻለሁ፤ ባልና ሚስት በአንድ ቃል ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። ስምምነት ላፍርስ?»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ነው እየሳቀች መሆኑን ያወቅሁት። እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ዓይንሽን አትንኪ ተብላ እንደነበር እንኳ ረሳች። እኔ ትንሽ ልኮራ ሞከርሁና አልቻልሁም።

«የት ሆነሽ ደወልሽለት?» አልኋት።

«ልብስ ላሰጣ ወጥቼ። አንተስ?»

«ዳቦ ቤት ጀርባ።»

«ለዚህ ነው ዳቦው የቀዘቀዘው!»

እናቴ፣ «በሉ አሁን በእውነት ይከፈት» ብላ አዘዘች። ተመልሰን ገባን። እኔ መሰላል ያዝሁ፤ ባለቤቴ በስልኳ አበራች። ክዳኑ ሲከፈት ከመተማ አብሮን የመጣ የሚመስል አቧራ ቡን አለ። ውኃው በደጅ በኩል እንዲወጣበት የተሠራው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ደግሞ ተርብ ጭቃዋን ለስና ቤቷን ሠርታበታለች። ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ እኛ ይመለሳል፤ በሽታው ይኸው ነበር።

«ራቅ በሉ ጋሼ» አለ ሰውዬው። መሰላሉን ለቅቄ ራቅ ልበል ወይስ ይዤ ልቁም እያልሁ ሳመነታ ቱቦውን ነቅሎ እፍ አለበት። ተጠራቅሞ የነበረው ውኃ ከነጭቃው፣ ከነተርብ ቤቱ አናቴ ላይ ወረደ።

«እሰይ!» አለች እናቴ። «ቀሐ ወንዝ ሳትወርድ ጥምቀቱ ቤትህ ድረስ መጣልህ።»

ባለቤቴ ፎጣ አመጣችልኝ። የትኛው ፎጣ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሰውዬው ሲሄድ የተቀመጥንበት ሽምግልና እንደ ትልቅ የመሬት ክርክር ነበር። ዳኛዋ እናቴ ናት። እኔ አንድ ስል ባለቤቴ ሁለት እያለች ብዙ ቆየን። በመጨረሻ እንዲህ ተፈረደ፦ በሙቀቱ ወራት ኤሲው እንደልቡ ይሥራ፤ ክረምት ሲገባ ከሶኬቱ ይነቀል፣ መስኮቱ በእኔ ሥልጣን ሥር ይሁን። አዲስ የሚገዛው አሮጌው በእርግጥ ሲሞት ነው። ባለቤቴ «የሞተ ዕለት ማን ያረጋግጣል?» ብትል፣ እናቴ «እኔን አስጠሩኝ፤ ከኮሶዬ በመጀመሪያው መኪና እደርሳለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ኤሲው ጠብ ብሎ አያውቅም።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ፣ «ለመግዛት አይደለም፤ ያማረኝን ነገር እንድታየው ብቻ» ብላ አራዳ ኤሲ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰደችኝ። የሱቁ ባለቤት ነጩን ኤሲ ሊያሳየን አበራው። የእኛ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ይህ ግን መሥራቱ የሚታወቀው አየሩ ፊት ላይ ሲያርፍ ነው። ቀትር ነበር፤ ካፖርት ለብሻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምሁ። ባለሱቁ ስለ ዋስትናው ያወራል፤ እኔ «እህ... እህ...» እያልሁ ወደ ማሽኑ ጠጋ እላለሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም፤ ባለሱቁን «ገጠማው ከእናንተ ነው?» ብዬ እንደጠየቅሁት ግን አስታውሳለሁ።

ባለቤቴ ሳቋን አፍና የካፖርቴን እጅጌ ይዛ ጎተተችኝ።

«ና ውጣ!» አለችኝ። «ቤት ያለው ምን ሆነና?»