አምስት ጨርቅ፣ አንድ እድፍ

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልናገር። የጓሮው ክፍል ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ጫልቱ የምትባል ወጣት አስተማሪ ሳትከራየው በፊት አውቅ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ኮርኒሱ ተዘርግፎ ወረደ። ጥቁር ውኃ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የአይጥ ጎጆ ከነክርፋቱ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ በየዓመቱ ለመስቀል፣ በኮርኒሱ አሮጌ ጨርቅ ላይ አዲስ አቡጀዲ መወጠር ልማዴ ነው። ዛሬ አምስቱን ጨርቆች ስገልጣቸው፣ ቡናማው እድፍ ሁሉም ላይ እዚያው ቦታ አለ፤ ስፋቱ ብቻ ይለያያል።

ጣሪያውን እንዲያይ የጠራሁት አናጢ ሳቀብኝ። «አዴ፣ እናቴ፣ የታመመው ቆርቆሮው፣ እርስዎ የሚያክሙት ጨርቁን!»

(በንጽሕናዬ የምኮራ ሴት ነበርኩ።)

ጫልቱ እዚያ ስትኖር፣ ሕፃን ልጇን ሳል አልለቅ ሲለው፣ «አዴ፣ ቤቱ ይሸታል» አለችኝ። «የነቀምቴ ክረምት እንዲህ ነው» ብዬ መለስኩላት። ለቃ ስትሄድ፣ ልጁ ተሻለው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ቀና ብላችሁ ኮርኒሳችሁን እዩ። እድፍ ካወጣ፣ ከረገበ፣ ከዝናብ በኋላ ከሸተተ፣ ጣሪያው ላይ ሰው አውጡ። እናንተስ ምን ሸፍናችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ።

ይህን ጽሑፍ ከእናንተ በፊት የላክሁት ለጫልቱ ነው። መጨረሻው ላይ «ልጁስ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።