ምላስ የሚይዝ አጥንት

ሥራዋ ከወንፊት የተረፈውን መለየት ነው። የመጽሐፈ ነገሥት ዘመን ከተማ ከተቀበረበት ጉብታ የሚወጣው አፈር ይነፋል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው ገል፣ ጠጠርና አጥንት እሷ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ገሉን ማንም ያውቀዋል። የሚያስቸግረው አጥንቱና የኖራ ድንጋዩ ነው፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ስብርባሪ። ስትጠራጠር በምላሷ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች። የቆየ አጥንት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት እርጥበት ይስባል፤ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ድንጋይ አይጣበቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው እንዲህ ነው። «ምላሰኛዋ» የሚሏት ግን ለዚህ ብቻ እንዳልሆነ ሠራተኛው ሁሉ ይመሰክራል።

አዲሱ ኃላፊ፣ ያለ ጓንት በር እንኳ የማይከፍት ወጣት፣ በመጣ በሦስተኛው ቀን ስትልስ ያዛት።

«እማማ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ? ከሰኞ ጀምሮ ወደ በር ጥበቃ ተዛውረዋል።»

በሩ ጋ ቀኑን ሙሉ የሚያዋራት ግንቡ ብቻ ነው። ደሟ ፈላ፤ ፊቷ ግን ፈገግ አለ።

«እሺ ልጄ። ይሄን ቅርጫትስ ማን ይለየው?»

«አይቼዋለሁ፣ ድንጋይ ነው። ይደፋ።»

እጇን ሰደድ አድርጋ ጣት የምታህል፣ ጫፏ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያላት ነጭ ስባሪ አወጣች።

«ይቺም?»

«ውሃ የበሳው ድንጋይ።»

«እንግዲያው ቅመሳት። ካልያዘችህ ሰኞን ምን አስጠበቀኝ፣ አሁኑኑ በሩ ላይ ነኝ። ከያዘችህ ግን ከዚች ወንበር ንቅንቅ የለም።»

ሠራተኛው አካፋውን ጥሎ ከበባቸው። እምቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው። ስባሪዋን በመሐረቡ ሦስቴ ወለወላት፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምላሱን አወጣ። ከዚያ እጁን ለቀቀ።

አልወደቀችም።

«ኧ… ኧግ…»

«ምን አልክ ልጄ? ጮክ በላ! ስለ ሰኞ ነው?»

«ይቀ… ይቀመ…»

«ሰማችሁ አይደል? ይቀመጡ ብሏል!»

ሳቁ ጉብታውን አናወጠው። ስባሪዋ ከአጥንት የተሠራ የሽመና ዕቃ ተብላ ተመዘገበች። ኃላፊው ግን አልሳቀም፤ በሦስት ቀን ውስጥ «ድንጋይ ነው» ብሎ ያስደፋቸው አራት ቅርጫቶች ትዝ ብለውታል።

ከሰዓት በኋላ ቅርጫቶቹ ከተደፉበት የአፈር ክምር ጀርባ ጓንቱን አውልቆ፣ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው።

«ያዘህ?»

«አልያዘም።»

«ታዲያ ምን ታላምጠዋለህ፣ ትፋው!»