ሆዷን ሩጫ ያስተማረችው ሴት

ላውንደሪ ቤት አብረዋት የሚሠሩት «ካውያ» ይሏታል። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እጇ ከካውያ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። የሆቴል አንሶላ እርጥበቱ ሳይለቀው ይመጣላታል፤ ዘርግታ ስትተኩሰው እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል። በዚያ ነጭ እንፋሎት ውስጥ እግሯ እንደ ቆመ ልቧ ይሮጣል። ከአንሶላው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መንገድ ይታያታል፤ ግራና ቀኙ ጉም፣ ማለቂያው የማይታይ።

መሮጥ የጀመረችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በመቆም ብዛት የደነዘዘ እግሯን ላፍታታ ብላ ነው። እግሯ አላሳፈራትም። ያሳፈራት ሆዷ ነው። እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር እሺ ባይ የነበረው ሆድ ከዚያ ወዲያ ያኮርፋል፤ ውሃ ብትሰጠው ይጮኻል፣ ብትከለክለው ይቆርጣታል። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሆድና ጀርባ ይሆናል፤ እሷ ከገዛ ሆዷ ጋር ሆነች።

የመጀመሪያ ማራቶኗ ዕለት የሥራ ጓደኛዋ «ባዶ ሆድ ምን ያስሮጣል? ጠግበሽ ሂጂ!» ስላለቻት፣ ሊነሱ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው እንቁላል በዳቦ ጥርግ አድርጋ በላች። መጀመሪያ ካገኘችው የውሃ ጠረጴዛ ሁለት ኩባያ አከታትላ ገለበጠች። ሃያ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ አንድ ሰው የዘረጋላትን፣ ለሯጭ ጉልበት ይሰጣል የሚባል ጣፋጭ ጄል፣ ምንነቱን እንኳ ሳትጠይቅ ጨምቃ ዋጠች። አንድ ኪሎ ሜትር አልሄደችም። ዛፍ ሥር ተንበርክካ የበላችውንም የጠጣችውንም መለሰች፤ ከኋላ እየተከተለ የደከመ ሯጭ የሚለቅመው መኪና ብርድ ልብስ አልብሶ ወሰዳት። ለማንም አላወራችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው፤ ጥፋተኛው ያው ሆድ ቢሆንም።

በዚያው ዓመት አባቷ ታመሙ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሐኪሞቹ የጨጓራቸውን እኩሌታ ቆርጠው አወጡ። ውሃ የተፈቀደላቸው ዕለት ብርጭቆውን ለመንጠቅ እጃቸውን ሲዘረጉ ነርሷ ፈገግ ብላ ከለከለቻቸው።

«አባባ፣ ሆድዎ አሁን አራስ ልጅ ነው። ቀስ ብለው ያስለምዱት። በየአምስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ።»

«ውሃ በማንኪያ የሚጠጣ ሹፌር የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይኸው ዛሬ አየሁ» አለች ነርሷ፤ ማንኪያውንም ለልጃቸው ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የግድግዳውን ሰዓት እያየች አጠጣቻቸው። መጋረጃው ነጭ፣ አልጋው ነጭ፣ የመስኮቱ ብርሃን ነጭ። አንድ ማንኪያ፤ አምስት ደቂቃ፤ አንድ ማንኪያ። ጊዜው የሚሄድ አይመስልም፤ ሰው ዓይኑን ገልጦ የሚያልመው ዓይነት ሕልም ነበር። በሳምንቱ አባት ግማሽ ኩባያ ጠጥተው ሳያቅለሸልሻቸው ዋሉ። ያኔ ነው አንድ ሐሳብ ሽው ያለባት፦ እግሬን ይህን ሁሉ ጊዜ ሳሠለጥን ሆዴን አንድ ቀን እንኳ አላስተማርኩትም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው፤ የዛፉን ሥር ጉድም መጀመሪያ የነገረችው ለእሳቸው ነው። አባት ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ።

«‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› የሚባለው ለቀበቶ ብቻ መሰለሽ እንዴ? ሲሮጡ የጎረሱትም ሲሮጡ ይወጣል!»

«አባዬ፣ አትሳቅብኝ።»

«አልስቅም። የእኔን ሆድ እንዲህ ያስለመድሽ ልጅ ለራስሽ ምን ነክቶሽ ነው? እሑድ አብሬሽ እወጣለሁ።»

እሑድ ጠዋት ወንዙ ዳር ወጡ። ሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው መንገድ ነው። አባት ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ላይ ነጭ ብርድ ልብስ፣ እጃቸው ላይ ስኳርና ቁንጥር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በጠርሙስ። እሷ በየሃያ ደቂቃው ገደማ ዞራ ስትመጣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ትጎነጫለች፤ እሳቸውም ከራሳቸው ኩባያ ይጎነጫሉ። ቀኑ ሲሞቅ ይጨምሩላታል፤ ሲበርድና ካልጠማት ግድ አይሏትም። ደብተር ላይም የሆዷን መልስ ይጽፋሉ፦ «ቴምር ሁለት፤ አጉረመረመ። ሙዝ ግማሽ፤ ዝም አለ። ወተት፤ ሁለተኛ እንዳይሞከር!» ቁርሷን ከሩጫው ሦስት ሰዓት ቀደም አደረገችው፤ ዳቦ በማር ብቻ።

ወንዙ ጠዋት ጠዋት ጉም ያወጣል። ስትሮጥ ከእግሯ ድምፅ በቀር ዓለም የለም፤ ዛፎቹ ሳይነኩ የሚቀልጡ ይመስላሉ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ብርድ ልብሱ፣ ቀጥሎ የአባቷ ፊት ብቅ ይላል። ያው ቦታ፣ ያው ሰው፣ ያው ጉንጭ ውሃ። አንዳንዴ ስንተኛ ዙሯ እንደሆነ ይጠፋታል። ከሳምንት ሳምንት የሚለወጠው የአባቷ ጉንጭ ነው፤ ሞላ፣ ቀላ።

አንድ እሑድ ዞራ ስትመጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ሣሩ ላይ ወድቋል። «አባዬ!» ስትል ጉሙ ድምፅዋን ዋጠው። ወንዙን ይዛ ሸመጠጠች፤ መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደች ጠርሙሱን ታቅፈው ወደፊት ሲያዘግሙ ደረሰችባቸው።

«ምነው አባዬ! ገደልከኝ እኮ!»

«ሆዴ ሲለምድ ጊዜ እግሬ ቀናበት» አሉ፤ ጠርሙሱንም አቀበሏት።

ሁለተኛ ማራቶኗን ለመሮጥ ስትቆም ወገቧ ላይ የለመደችውን ውሃ በትንንሽ ጠርሙስ አሥራለች። ከተማው ጠዋት ዝናብ ዘንቦበት ስለነበር አስፋልቱ ሰማይ ይዞ ይንጣለላል፤ በደመና ላይ የምትሮጥ መሰላት። አንዱ ሯጭ ጄል ዘረጋላት። «እንኪ፣ ያበርራል!»

«ከሆዴ ጋር አይተዋወቁም፤ ይቅርብኝ» ብላ አለፈች።

ሠላሳ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዷ ተቋጠረ። አልደነገጠችም። ሩጫዋን ትታ በእርምጃ ሄደች፤ ምንም አልጠጣችም፤ በረጅሙ ተነፈሰች። ቋጠሮው ቀስ ብሎ ላላ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ብዙም ትዝ አይላትም፤ እርጥብ ብርሃን፣ የሰው ጭብጨባ፣ ከዚያ መጨረሻው መስመር ላይ አባቷ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶባታል።

«አመመሽ?» አሉ አባት ትከሻዋን ይዘው።

«አይ» አለች፤ ራሷም ተገርማ። «ራበኝ።»

አጠገቡ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገብተው ሩዝ አዘዙ። ሩዙ ሳይመጣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ እንቅልፍ ወሰዳት። አስተናጋጁ ሳህኑን ይዞ ሲመጣ አባት ኮታቸውን አልብሰዋት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«እዚያ ጋ አስቀምጠው፤ አትቀስቅሳት» አሉት። «ከሩቅ ነው የመጣችው።»