መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ልጄ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ባለፈችበት ሳምንት፣ ቡራዩ ያሉ ጎረቤቶቻችን እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን መጡ። ሁሉም የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን በራችንን አልፈው ሳይገቡ በኦሮምኛ "ካራን ነጋ ዳ?" አሉኝ፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ጥሩ መምህር እንዳለው የጠየቀ የለም። በዚህ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚወጣው መናኸሪያ ነው።

እሷ የውሃ ምህንድስና መማር ትፈልግ ነበር። ቤታችን ከመጠጥ ውሃ ግድቡ ብዙም አይርቅም፤ ውሃው በአጠገባችን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፣ እኛ ጋ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ያውም ደስ ካለው። የሚጠጣውን ከሱሉልታ ታሽጎ የመጣውን እንገዛለን። "ይኼን ነገር የሆነ ሰው መማር አለበት" ትል ነበር፣ ጀሪካን እየደረደረች። የደረሳት ዩኒቨርሲቲ ደቡብ ነው፣ የሙሉ ቀን መንገድ። ከቤት እየተመላለሰች ልትማርበት የምትችለው ኮሌጅ ደግሞ ከምህንድስና ያለው ግንባታ ብቻ ነው።

እኔ ሰው የተስማማበትን ነገር የማልወድ ነኝ፤ ዘመዶቼ ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገቤ አይቀመጡም። ሁሉም "ቅርቡ" ሲል ስሰማ ለሩቁ ልከራከር ተዘጋጀሁ። ወሬው ሰበታ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋ ደረሰና ቅዳሜ ምሳ ጠራችን።

እህቴ ስለ መንገድ መናገር የሚገባት ሰው ናት። ልጇ ሩቅ ክልል ያለ ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ይማር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግጭት ተነስቶ ግቢው ተዘጋ፣ ስልክም ተቋረጠ። ለሳምንታት የት እንዳለ ሳታውቅ ቆይታ፣ አንድ ቀን ባዶ እጁን በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። አሁን ብሎኬት ማምረቻ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥግ ይዞ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ቤተሰቡ የጠየቀው መንገዱን ብቻ ነው፤ በየት መጣህ፣ ማን አስቆመህ፣ ምን በላህ።

ገና መብላት እንደጀመርን እህቴ ነገሩን አነሳች። ቅርቡ እያለ ሩቁ ምን ይሠራልሻል፣ አባትሽን እንደሆነ አትስሚው፣ ፀሐይ ወጣች ቢሉት ማስረጃ ይጠይቃል አለቻት። ሳቅን። ልጄ ግን ወደ ጥጉ ዞራ፣

"ላቦራቶሪያችሁ እንዴት ነበር?" አለችው።

ስልኩን አስቀመጠ። ተርባይን ነበረን አለ፤ ትንሽዬ፣ ውሃ እየመታው የሚሽከረከር። ተበላሽቶ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን እሱና ጓደኞቹ ፈትተው፣ አጥበው፣ መልሰው ገጠሙት። ክንፎቹን በእጁ አየር ላይ እየሳለ ሲያወራ፣ ድምፁን ለምን ያህል ጊዜ እንዳልሰማሁት ገባኝ። "ዞረ እኮ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው፣ "ዞረ እኮ።"

እህቴ ሰሃኖቹን ሰብስባ ወጣች። ገና በልተን አልጨረስንም ነበር።

ስንሰናበት እህቴ ልጄን በር ላይ ጎተት አድርጋ አስቀረቻት። "እኔ ተርባይን የሚባል ነገር እንደነበረው አላውቅም። የማውቀው ስልኩን ነው፤ ጥሪ አይቀበልም፣ ጥሪ አይቀበልም ሲለኝ።"

ስንመለስ ልጄ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጠጋችኝ።

"አባዬ፣ ኮሌጁ ይሁን" አለችኝ። "አክስቴ የጠበቀችውን አንተ እንድትጠብቅ አልፈልግም።"

ክርክሬ በሙሉ አብሮኝ ነበር። በዕድሜዬ ስንት የማይረባ ነገር "አይሆንም" ያልኩ ሰው፣ ያን ጊዜ አንዲት "አይሆንም" አጣሁ። ውስጤን የሞላው እፎይታ ነበር። እንደዚያ ያለ የሚያሳዝን እፎይታ አላውቅም።

አሁን ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች፤ ስለ ኮንክሪት ታስረዳኛለች፣ ውጤቷም ጥሩ ነው። ሰበታ ስንሄድ ከአክስቷ ልጅ አጠገብ ትቀመጣለች። ባለፈው የዚያን ተርባይን ወሬ ሊያነሳላት ጀመረ። ሳይጨርስ ልጄ ሻይ ላምጣላችሁ ብላ ተነሳች።