ከሐኪሟ የደበቅሁት ሕመም

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ሱብሂ ሰግጄ ነው። በዋዜማው ታናሽ እህቴ ሉባባ አምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ካለው መንደሯ ወርዳ አብራኝ አደረች። ጎን ለጎን ተጋድመን እስኪነጋ ስለ ፍየሎቿ አወራችኝ፤ የትኛዋ መንታ እንደወለደች፣ የትኛዋ የጎረቤት ማሽላ ገብታ እንዳጣላቻት። ስለ መሄዴ አንድ ቃል አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። መኪናው መጥቶ ጥሩምባውን ሲነፋ ግን የሻርፔን ጫፍ ጨብጣ አልለቅም አለች። ሹፌሩ ወርዶ፣ «እናቶቼ፣ ወይ ሁለታችሁም ግቡ፣ ወይ አንዳችሁ ልቀቁ» አለን። ለቀቀችኝ።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁ እህቶቼ ነው። እንደኔ ልጇ ጠርታት ሰው አገር የገባች እናት ካለችም፣ እኔ ያጠፋሁትን እንዳታጠፋ ብዬ ነው።

ሀያት አንድ ልጄ ናት። ስዊድን ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። አባቷ ሲሞት ብቻዬን መቅረቴ እረፍት ነሳት። የመምጫዬን ወረቀት አስገብታ አዲስ አበባ ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የጠየቀችኝ ልጅ አማርኛዋ የተጣራ ነው፤ ቀና ብላ ግን አታይም።

«በማን እጅ ነው የሚተዳደሩት?»

«በአላህ።»

«ከአላህ ሌላ?»

«ከአላህ ሌላ ማን አለ ልጄ?»

ያኔ ቀና አለች። «እማማ፣ ይሄ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም» አለችኝ። እንዲያም ሆኖ ወረቀቱ ወጣልኝ። አልሐምዱሊላህ።

የገባሁባት ከተማ ትንሽ ናት፤ እንደኛው ሐይቅ አላት። ደስ አለኝ። ክረምታቸው ሲገባ ግን ሐይቁ ድንጋይ ሆነ፤ ሰው በላዩ እየተራመደ ሲሻገር በዓይኔ አየሁ። አንድ ሽማግሌ በረዶውን ሰርስረው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ይጠብቃሉ። ዓሣቸውን ላክስ ይሉታል። ቀይ ነው፣ ቅባታም ነው፤ ሎሚ ያንጠባጥቡበትና በቃ። እኔ ከሐይቃችን ዳር በትኩሱ ተጠብሶ በሚጥሚጣ የሚበላው ቆሮሶ ዓሣ በዓይኔ እየዞረ፣ ላክሱን እያላመጥኩ አመሰግናለሁ። በበጋቸው ደግሞ ፀሐይ አትጠልቅም። መግሪብን ስጠብቅ መስኮት ሥር እንቅልፍ ይጥለኛል።

ልብስ የሚታጠበው ከሕንጻው ሥር ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ትቬትስቱጋ ይሉታል። ለየቤቱ ቀንና ሰዓት ተመድቧል። አንድ ቀን ሳላውቅ በሰው ሰዓት አጠብኩ። የሕንጻው ኃላፊ ደረጃ ላይ ጠብቆን፣ «የእናትሽ ሰዓት ሐሙስ ነው፤ ያጠቡት ረቡዕ ነው» አላት ሀያትን።

«ልብሱ ያደፈው ማክሰኞ ነው በይው» አልኳት።

አላለችውም። በስዊድንኛ ብዙ ይቅርታ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ልጄ እኔ ያልኩትን ሳይሆን የሚሻለውን ነው የምታስተረጉመው።

በሁለተኛው ዓመት ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም አየሁ፤ ሥጋዬም ቀለጠ። ሆስፒታል ገባን። ሀያት ከሐኪሟ ጋር መተላለፊያው ላይ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። «እምዬ፣ አንጀትሽ ላይ ቁስለት አለ። መድኃኒት በጉሉኮስ ይሰጡሻል» አለችኝ። እሺ አልኳት። እኛ አገርም የዚያን በሽታ ስም ለታመመው ሰው አንነግርም፤ ለቤተሰብ ተነግሮ ቤተሰብ ይሸከመዋል። እኔም ለእናቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ስለዚህ የልጄን ፊት ሳይ ካንሰር መሆኑን አወቅሁ። ማወቄን ደግሞ ደበቅኋት። እሷ ለኔ ትጠነቀቃለች፣ እኔ ለእሷ እጠነቀቃለሁ፤ በአንድ ቤት ሁለት ሚስጥረኞች ሆንን።

ሐኪሟ አኒካ ትባላለች፤ ከሀያት ብትበልጥ በጥቂት ነው። ወንበሯን ወደ አልጋዬ ትስባለች፣ ዓይኔን ታያለች፣ «ሁር ሞር ዱ?» ትለኛለች። እንዴት ነሽ ማለት ነው። ከቋንቋቸው መጀመሪያ ያወቅኋት ጥያቄ እሷ ናት።

«አልሐምዱሊላህ» እላለሁ።

«ደህና ነኝ ትላለች» ትላታለች ሀያት።

ሐኪሟ ትጽፋለች። ቀጥላ ሕመሜን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እንድነግራት ትጠይቃለች። አሥርማ የባሰበት ሰው ነው እልና ዜሮ እላለሁ። ይህንንም ትጽፋለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ መድኃኒቱ ሳይቀነስ ይሰጠኛል።

እውነቱ ሌላ ነበር። ከሦስተኛው ዙር ወዲህ ቀዝቃዛ ነገር ስነካ ጣቶቼ በመርፌ እንደሚወጉ ሆኑ። ለውዱእ ውሃ ስከፍት ሙቁ እስኪመጣ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቆይቶ በመውጋቱ ላይ መደንዘዝ መጣ። ተስቢህ ስቆጥር ዶቃዋ በጣቴ ማለፍ አለማለፏን አላውቅም፤ ስንት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የልብሴን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ስራመድ ከውስጥ እግሬ ሥር አሸዋ ያለ ይመስለኛል።

ለምን አልነገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ነሽ ላለኝ ሰው ከምስጋና ሌላ መልስ አልተማርኩም። ደግሞም ያለ ክፍያ ያክሙኛል፤ አንሶላዬን ይቀይራሉ፤ በስሜ ይጠሩኛል። ስሞታ ባወራ ለአላህም ለእነሱም ውለታ ቢስ የምሆን መሰለኝ።

አንድ ቀን ሀያት ከሥራዋ መውጣት አልቻለችም። አኒካ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከስልኩ ውስጥ ያለችው ቶልክ ናት፣ አስተርጓሚ። «እማማ ዘሀራ፣ ሰላም ዋሉ፤ ሰብለ እባላለሁ። የሚባለውን ሁሉ አስተረጉማለሁ፤ ለማንም አልናገርም» አለች። አነጋገሯ የወሎ ነው።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ስለራሴ ማውራት አይፈቀድልኝም እማማ።»

«ደሴ ነሽ?»

ቀስ ብላ፣ «ኩታበር» አለች። ቀጥላ ደግሞ ያወራነውን ለሐኪሟ በስዊድንኛ ተናገረች። የሚባለው ሁሉ ይተረጎማል አላለችም? አኒካ ሳቀች።

እንደተለመደው እንዴት ነሽ ተባልኩ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሐኪሟ የምፈርምበት ወረቀት ሰጠችኝ። ብዕሩን ያዝኩት ስል ወደቀ። አነሳችልኝ፤ እንደገና ወደቀ። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ተጫነቻቸው።

«ይሰማዎታል?» አለች ሰብለ ከስልኩ ውስጥ።

«አልሐምዱሊላህ።»

ሰብለ አልተረጎመችውም። ከሐኪሟ ጋር ትንሽ ተነጋገረችና፣ «እማማ፣ የሚከተለውን የምለው በራሴ ነው፣ ፈቅዳልኛለች። በኛ አገር ይህ ቃል ምስጋና እንጂ ስለ ሕመም መልስ እንዳልሆነ ነግሬያታለሁ። ምስጋናው ይቀጥል። ሕመሙን ደግሞ ለብቻው ይንገሯት» አለችኝ።

«አላህ እየሰማኝ እንዴት አማርራለሁ?»

«ልጅዎን ሲወልዱ ምጡ የት እንደያዘዎት ለአዋላጇ አልነገሩም?»

«ነግሬያለሁ።»

«ማማረር ነበር?»

አልነበረም። ተናገርኩ። ውሃውን፣ ዶቃውን፣ ቁልፉን፣ አሸዋውን። ሰብለ ቃል ሳታስቀር አሻገረችልኝ። አኒካ መጻፍ አቆመች። «ከሦስት ወር በፊት ባውቅ መድኃኒቱን እቀንሰው ነበር። ጥያቄዬን ማስተካከል የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» አለች። ሐኪም ይቅርታ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

በሳምንቱ ሀያትም ባለችበት ተቀመጥን፤ ሰብለ በስልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም እምዬ?» አለች ልጄ።

«አንቺስ የበሽታዬን ስም ለምን አልነገርሽኝም?»

አቀረቀረች። እጇን ያዝኳት። እጇ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ መለየት አልቻልኩም።

አኒካ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። በሽታው ጉበቴ ደርሷል። የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ የሚያዘገየው አለ። በጉሉኮስ የሚሰጠው ከቀጠለ ምናልባት ጥቂት ወራት ይጨምርልኛል፤ ጣቶቼ ግን ላይመለሱ ይችላሉ፣ ከሆስፒታሉም አልርቅም። ወይም እሱ ቀርቶ ቤቴ የምውጠው እንክብል አለ፤ ምናልባት ያነሰ ጊዜ፣ ግን የቀለለ።

«አንቺ የምታውቂውን አድርጊ ልጄ» አልኳት።

«እኔ መድኃኒቱን ነው የማውቀው። እርስዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ከሁሉ የሚበልጥብዎት ምንድን ነው?»

በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሲድሩኝ አልተጠየቅሁም። ነይ ስባልም አልተጠየቅሁም፤ ልጄ ጠራችኝ፣ መጣሁ።

«እህቴ ዘንድ መቀመጥ» አልኩ። «አንድ ወር። ሐይቃችንን አይቼ፣ ወደ አምባሰል ወጥቼ፣ ከሉባባ ጋር በሯ ላይ መቀመጥ።»

ሀያት በአማርኛም በስዊድንኛም አለቀሰች። «እኔ ያመጣሁሽ እንድትድኚ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ? እዚያ ማን ያክምሻል?» አለች። ልክ ናት። አኒካ ለእሷም ጊዜ ሰጠቻት፤ የምትፈራውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰማቻት። መጨረሻ ላይ ሦስታችንም የተስማማነው ይህ ነው፤ ጉሉኮሱ ይቀራል፣ እንክብሉን ሦስት ወር እውጣለሁ፣ ከዚያ ሆዴን በማሽን ፎቶ እነሳለሁ። በሽታው ጋብ ብሎ ከተገኘ ከመድኃኒቱ እረፍት ይሰጠኛል፤ የሕመም ማስታገሻና የሕክምና ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ። ካልሆነ ደግሞ እንደገና ተቀምጠን እንነጋገራለን። አኒካ መዝገቤ ላይ ስትጽፍ «አምባሰል» የሚለውን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችን።

አሁን ሁለተኛው ወር ላይ ነኝ። መውጋቱ ቀርቷል፤ መደንዘዙ አለ። ለዚህም ለዚያም አልሐምዱሊላህ።

ባለፈው ጁምዓ ለሉባባ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሙንም። በሽታውን ለራሱ ለታመመው የሚነግር ሐኪም ሰምታ አታውቅም።

«ፊት ለፊት ነገረችሽ?»

«ጠይቄያት ነገረችኝ።»

«ደግ ናት ወይስ ክፉ?»

«ደግ ናት።»

ከበስተኋላዋ ነፋስ አለ፤ ሰው ከብት ይጠራል። ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አተር እየለቀመች ነው። ወደ ቤቷ ያለው መንገድ ዳገት ስለሆነ እንዳልቸገር ሐይቅ ከተማ፣ ሐኪም ቤቱ አጠገብ፣ ክፍል ልትፈልግልኝ አሰበች። አይሆንም፣ ያንቺ በር ላይ ነው የምቀመጠው አልኳት። ከአስፋልቱ በቃሬዛ የሚያወጡኝ ጎረምሶች አታጣም፤ «እንደ ሙሽራ ነው የምትመጪው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ፣ «እትዬ» አለችኝ። «ከመጣሽ ትመለሻለሽ?»

ይህን አኒካ አልጠየቀችኝም። ሀያትም አልጠየቀችኝም። ሀያት የታጠበ ልብስ በክንዷ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

የሉባባ ድምፅ ከጎኔ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ሉባባዬ» አልኳት።