መኮንን በቡና ሚዛን

የልጅ ልጄ ለእጩ መኮንንነት የተመዘገበችው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰች በዓመቱ ነው። እኔን አላማከረችኝም። ከምዝገባው ተመልሳ ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች፣ «እማማ፣ ተመዘገብኩ» አለችኝ።

«የት?»

«መኮንን ልሆን ነዋ።»

ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ መልቀሜን ቀጠልኩ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ስትቆርጥ ፊቷ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ከዚያ ፊት ጋር የተከራከረ ሰው ድካሙ ብቻ ነው የሚተርፈው።

የመዘገቧት ሰዎች፣ «ለምርጫ ትጠራላችሁ፤ እስከዚያው ሰውነታችሁን እያዘጋጃችሁ ተጠባበቁ» ብለው አሰናብተዋታል። መቼ እንደሚጠሩ አልተናገሩም። እኔ ጡረታ እስክወጣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ «ተጠባበቁ» የሚለው ቃል ስንት ክረምት እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። እሷ ግን የሚመጣው ሰኞ መሰላት። ስልኳን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዛ ትገባ ጀመር። በጮኸ ቁጥር ደንግጣ ታነሣዋለች፤ ሁልጊዜም የኢንተርኔት ጥቅል ግዙ የሚል መልእክት ነው።

በእኛ ሰፈር በጊንጆ ሰው ብቻውን አይጠብቅም፤ ሰፈሩ አብሮት ይጠብቃል። ወሬው በተሰማ በማግሥቱ ጎረቤታችን ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ መጡ። ከጦሩ ከወጡ ወዲህ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሰው ማዘዝ ከቀረባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እንደናፈቃቸው ያስታውቅባቸዋል።

«እትዬ፣ ልጅቷን ለእኔ ይስጡኝ» አሉ። ሰጠኋቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ጅሬን ዳገት ያስሮጧታል። እሳቸው ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ባጃጅ ኮንትራት ይዘው፣ አንገታቸውን በጎን አውጥተው፣ «ደረት ወደ ፊት! እጅ አይወዛወዝ!» እያሉ ይከተሏታል። የባጃጁ ልጅም ዝም አይል፤ «እህት፣ ነይ ግቢ በቃ! ሒሳቡን እንደሆነ ሃምሳ አለቃ ችለውታል!» ይላታል። ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ቆመው ያዩዋትና «ጀባዱ፣ ኢንተላ ኮ!» ይሏታል፤ በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። ከሁሉም ሥልጠና የጠቀማት ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም።

በሁለተኛው ሳምንት ሃምሳ አለቃ አንድ ነገር ከነከናቸው።

«ቁመቷ ሞልቷል። የሚያሰጋኝ ኪሎዋ ነው። እኔ በዘመኔ ከሃምሳ ኪሎ በታች የሆነ መኮንን አላየሁም።»

ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር አልነበረበትም። ሆኖም ትመዘን ተባለ። ጤና ጣቢያው ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ማንም ትዝ አላለውም። በእኛ ሰፈር ሚዛን ሲባል አንድ ነው፦ መታጠፊያው ላይ ቡና የሚገዙት የሀጂ የብረት ሚዛን። የቡና ጆንያ ሊመዝን የተሠራ ይሁን እንጂ የሰርግ ሙክትም፣ የብረት በርም፣ የተጣላ ወንድማማች የተካፈለው ማርም ተመዝኖበታል።

ሐሙስ ነበር፤ የገበያ ቀን። ከሸቤና ከየገጠሩ የመጡ ገበሬዎች ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በሁለት ጆንያ ተራ መካከል ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሀጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «አርባ ስድስት!» ብለው ጮኹ።

ሰፈሩ ሐዘን ተቀመጠ ማለት ይቻላል። በማግሥቱ ሴቶቹ ተራ ገቡ። አንዷ ቡላ በወተት፣ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ቅቤ የዋጠ ገንፎ። ልጅቷ ጠዋት እንደ ፈረስ ትጋልባለች፣ ከሰዓት እንደ አራስ ትታረሳለች። በየሐሙሱ ሀጂ ዘንድ ትመዘናለች። አርባ ሰባት ሆነ፤ እልል ተባለ። አርባ ስምንት ሆነ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ስንት ደረሰች?» ብለው ያቆሙኝ ጀመር፤ የዶላርን ምንዛሪ እንኳ እንዲህ አይከታተሉትም።

ጥሪው ግን አልመጣም። ወር አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ።

አንድ ቀን ከሩጫ ተመልሳ እግሯን በሳፋ ውኃ ነክራ ተቀመጠች። ላብ ብቻ ሆናለች።

«እማማ፣ ዳገቱ ላይ ልቤ ይጠፋል። ድሮ ሳልቆም የምጨርሰውን አሁን ሁለቴ ቆሜ ነው። እኔ የምወድቀው በኪሎ ሳይሆን በሩጫ ነው።»

«ለሃምሳ አለቃ አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው። ቅቤው ገና ስላልሰረጸ ነው አሉኝ።»

ከዚህ በላይ አላማረረችም። ሳፋውን ደፍታ፣ የመጣላትን ገንፎ ዓይኗን ጨፍና በላች። የሰውን ደግነት እምቢ ማለት አላስተማርኳትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ። ሀጂ «አርባ ዘጠኝ!» አሉ። ከሸቤ የመጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ጫት ይቅማል። ቀና ሳይል፣

«ሀጂ፣ እዚህ አርባ ዘጠኝ ከሆነች ቤቷ ሃምሳ አራት ናት» አለ። «እኛ እናውቀዋለን።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሀጂም ሳቁ፤ እንዲያውም ከሁሉ ጮክ ብለው። ልጅቷም ሳቀች። እኔ ብቻ ልቤ ወደ ቁጥሩ ሄደ።

ሰው ሲበተን ቆየሁና ጫማዬን አወለቅሁ።

«ሀጂ፣ እስቲ እኔንም ይመዝኑኝ።»

«ኧረ እትዬ! እርስዎም ሊዘምቱ ነው?»

«ማን ያውቃል።»

ሃምሳ ስምንት አለ። ደም ግፊት ስላለብኝ በየወሩ ጤና ጣቢያ እመዘናለሁ። ካርዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ስልሳ ሦስት ይላል፣ የተጻፈው በዚያው ሳምንት ነው። ሀጂ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ያችን አንዲት ቁጥር እንደ ረጅም ደብዳቤ አነበቧት።

«ሚዛኑ አርጅቷል፣ እትዬ» አሉ በመጨረሻ።

«ያረጀ ነገር አንዳንዴ ወደ ላይም ይስታል፣ ሀጂ። የእርስዎ ወደ ታች ብቻ ነው።»

ሀጂ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሻዩ ስኳር ሳይቀር «ወላሂ» የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚያ ሚዛን ግን አንድም ቀን «ወላሂ» ሲሉ እንዳልሰማሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ዕለትም አላሉም። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄ የሞተች ጊዜ የድንኳኑን ሸራ ሳልጠይቃቸው ከመጋዘናቸው አውጥተው ያስተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«እኔ የመጣሁት ስለ ልጅቷ ነው። ሐሙስ ስትወጣበት ሚዛኑ ልኳን ይንገራት» አልኩ።

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ። ሐሙስ ነው እንግዲህ።»

ሐሙስ ደረሰ። ልጅቷ ወጣች፤ ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው በቀስታ «ሃምሳ አምስት» አሉ። እልልታው አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ሃምሳ አለቃ ቀበቷቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስድስት ኪሎ በአንድ ሳምንት! ሥልጠና ይሉሃል ይሄ ነው!» አሉ። ቀጥለውም ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አሁን ደግሞ በዝቷል። ቅቤ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም!» ቆመ። ልጅቷ ነግራቸው ያልሰሟት ነገር በአንድ ትእዛዝ ተፈጸመ።

የሸቤው ገበሬ ግን እልል አላለም። ልጅቷ ከሚዛኑ ሳትወርድ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። እንደወረደች፣ ማንም ሚዛኑን ሳይነካ፣ ጆንያውን አሳረፈ። ቁጥሩን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። ሀጂ በዚህ ሁሉ ዓይን ፊት ሚዛኑን ሊነካኩት አይችሉም። በሚቀጥለው ሐሙስም አልቻሉም፤ ልጅቷ ልትመዘን ትመጣለች፣ ሰፈሩም ቁጥሩን ይጠብቃል። ገበሬዎቹም ነገሩን ቶሎ ለመዱት። መጥተው ጆንያቸው ላይ ይቀመጡና፣ «መኮንኗ መጣች?» ይላሉ። እሷ ሳትወጣበት ጆንያውን የሚያሳርፍ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ጥሪውን ከእሷ ይልቅ አጥብቀው የሚጠብቁት ሀጂ ሆኑ። በየጠዋቱ ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «እስካሁን አልጠሯትም? ወላሂ ይሄ አሠራር አይደለም! የሰው ልጅ እንዲህ ይንገላታል?» ይሉኛል። ሁለት ጊዜ ራሳቸው የምዝገባው ቢሮ ድረስ ሄደው ጠይቀዋል። ስለ ወጣቱ እንዲህ የሚቆረቆሩ ሽማግሌ አይተን አናውቅም ብለው እዚያ ያሉት ሻይ ጋበዟቸው አሉ።

ጥሪው የመጣው ስልኳ እጇ ላይ ባልነበረ በአንዱ ቀን ነው። መብራት ጠፍቶብን ሃምሳ አለቃ ስፌት ቤት ቻርጅ ሰክታው ነበር። ያነሡት እሳቸው ናቸው። «አቤት ጌታዬ!» ብለው ከስፌት መኪናው ተነሥተው ቀጥ አሉ፤ የያዙት ቀሚስ ከመርፌው ሳይላቀቅ ተቀደደ። ሲነግሩን የአንዲት ተማሪ እጅጌ አሁንም እጃቸው ላይ ነበር።

ለምርጫው ቀን አብሬያት አልሄድኩም። ብዙ ሰው ሄዷል፤ እኔ ቤት ምስር ለቀምኩ። ቅቤ ከቆመ ወዲህ ዳገቱን ሳትቆም መጨረስ ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንት ነው። ይበቃት እንደሆነ አላወቅሁም። ደግሞ እንዲበቃት እንደምፈልግም እርግጠኛ አልነበርኩም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን መጻፌ ነው።

ከሰዓት በኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ። ገብታ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች።

«እማማ፣ አለፍኩ። በሩጫው ሦስተኛ ወጣሁ።»

«ኪሎሽስ?»

«ሃምሳ ሁለት። ሀጂ ባለፈው ሐሙስ ያሉት ልክ ነበር።»

«ጥሩ ነው» አልኩና መልቀሜን ቀጠልኩ። የዚያን ቀን ማታ ወጥ ውስጥ ሁለት ጠጠር ደረሳት። ከአፏ አውጥታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ስትሄድ ሃምሳ አለቃ ሰላምታ ሰጧት፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሀጂ ሁለት ኪሎ የተቀሸረ ቡና ይዘው መጥተው ረጅም ዱዓ አደረጉላት። ከሁላችን የእሳቸው ፊት ያበራ ነበር።

በተከታዩ ሐሙስ ወደ መታጠፊያው ወጣሁ። ገበሬዎቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ግራ ቀኝ ያያሉ። ሀጂ ጎንበስ ብለው ሚዛኑ ዘንድ ምን እንደሚያደርጉ እንጃ፤ ሲያዩኝ ቀና አሉ።

«እትዬ! ምን ልታዘዝ?»

«ልመዘን ነው።»

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ካርዴን በእጄ ይዣለሁ፤ ሀጂም አይተውታል። የሸቤው ገበሬ ከሰልፉ መካከል፣ «አብሽሩ ጎበዝ! መኮንኗ ብትሄድ ጄኔራሏ መጥተዋል!» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ ጆንያ መነሣት ጀመረ።

እስከ ዛሬ በየሐሙሱ እሄዳለሁ። ከሄደች ወዲህ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ። በዚህ ነገር ላይ ጤና ጣቢያውም የሀጂም ሚዛን ይስማማሉ።