የመርሳ ጥንቅሽና የአጎቴ ረሃብ

ሰኞ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

«አጎትህ ከማንጎ ዛፍ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ቁስሉ ድኗል፤ እህል ግን እምቢ ብለዋል። ቶሎ ድረስ።» ደብዳቤውን የጻፈችው የአጎቴ ሚስት እትዬ ዘይነባ ናት፤ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው፣ እያንዳንዱ ፊደል የባቄላ ፍሬ በሚያህል ጽሑፏ። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ አጎቴ እንድሪስ ናቸው ያሳደጉኝ። የሳምንት ፈቃድ ለመንኩ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አትሳቁ። በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ አይጥ እቀልባለሁ። መምህራኑ ከአይጧ አንጎል ሥር፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ቦታ በቀጭን ሽቦ ያቃጥላሉ። አይጧ ከዚያ ወዲያ ሙሉ ሳህን አጠገብ ተኝታ በረሃብ ትሞታለች። አፏም ሆዷም እኮ ደህና ነው! ሌላዋ ደግሞ አንጎሏ ውስጥ ሽቦ ይቀበርላታል፤ ማንሻውን በተጫነች ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ ትቀምሳለች፤ ደስ ስለሚላት ምግቧን ትታ ስትጫን ትውላለች። የመብላትና የደስታ ቦታዎች ጎረቤታሞች ናቸው ይላሉ መምህራኑ። ለምን ጎረቤት እንደሆኑ ይከነክነኛል፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድም የማስበው ይህንኑ ነበር።

ከሚሴ ኬላ ላይ አብዮት ጠባቂው ወረቀቴን ገልብጦ አየው።

«ሥራ?»

«አይጥ ቀላቢ።»

«ትቀልዳለህ፣ ጓድ?»

የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አሳየሁት። አውቶቡሱ በሳቅ አውካካ። አንዲት እናት ከኋላ፣ «ጉድ እኮ ነው! ከእኔ ጎተራ ያለውን በነጻ ውሰድልኝ፣ ልጄ!» አሉኝ። እስከ ደሴ ድረስ ስሜ አይጥ ቀላቢ ሆኖ ቀረ።

ማክሰኞ፤ መርሳ

ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፈን በቀትር መርሳ ገባን። ስድስት ብርቱካን በስሙኒ ገዝቼ ወደ አጎቴ መንደር በእግሬ አንድ ሰዓት ሄድኩ። ግራና ቀኙ የደረሰ ማሽላ ነው፤ ሰው ቢገባበት አይታይም።

አጎቴ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ተሰብስቦ የልጅ መስሏል። ገበታ ቀርቦላቸዋል፤ አይነኩትም። ጥቂት ቆይተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ገበታው ወዲያው ተነሣ። በዚያ ቤት አባወራ እንዲህ ካለ ማንም አይከራከርም።

ደጁ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት እትዬ ዘይነባን።

«የእኔ ዕዳ ነዋ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ባል እህል እምቢ ያለው ቢያኮርፍ ነው ብለው ሽማግሎቹ መጡ። አላስቀየምኩም ብል ማን ይሰማኛል? ሁለት ጊዜ ያንን ድንጋይ ተሸክሜ አጎትህ እግር ላይ ወደቅሁ። ሁለቴም ይቅር ብያለሁ አሉ። ይኸው፣ አይበሉም። አሁን ገበያ ስወርድ፣ ባሏን በረሃብ የምትገድል ይሉኛል፣ ሙሄ።»

ደሜ ፈላ። ከሽማግሎቹ አንዱን፣ ጎረቤታችንን አባ ይመርን፣ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ሆድ ባዶ ይጠላል፣ ልጄ። እያለ የማይበላ፣ የተቀየመ ነው» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። ተመልሼ አጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ እትዬን ተቀይመዋል?»

«ምኗን እቀየማለሁ? ይቅር በል አሉኝ፤ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አይበሉም?»

«ገበታው ይታየኛል፣ ሙሄ። እጄን የሚልከው ጠፋ።»

ሙሉ ሳህን አጠገብ የተኛችው አይጤ አፍ አውጥታ የተናገረች መሰለኝ።

ረቡዕ፤ ወልድያ

በጭነት መኪና ወልድያ ሄድኩ። የሐኪም ቤቱ ሐኪም በትዕግሥት ሰማኝ። «አንጎል ሲመታ እንዲህ ያደርጋል። ሊመለስም ይችላል፤ እስኪመለስ እንዳይሞቱ ብቻ» አለኝ። ይህን እኔም አውቃለሁ። እነዚያ አይጦች ከተተዉ ይሞታሉ፤ ጣፋጭ ወተት በጠብታ ከንፈራቸው ላይ ካደረግንላቸው ግን ይልሳሉ፣ ሰንብተውም ራሳቸው ሳህኑ ጋ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ስኳር ፍለጋ ቀበሌ ሱቅ ሄድኩ።

«ስኳር በካርድ ነው። የየት ቀበሌ ነህ?»

«የአዲስ አበባ።»

«እንግዲያ አዲስ አበባ ሄደህ ላስ!»

ተናድጄ ወደ መርሳ በሚመለስ መኪና ላይ ተንጠላጠልኩ። አጠገቤ ከሐራ ዘመድ ጠይቃ የምትመለስ ሴትዮ አገዳ እየላጠች ታኝካለች። «እንካ፤ ምን ፊትህን አጨፈገግከው?» ብላ አንድ አንጓ ሰጠችኝ። ጥንቅሽ ነው፤ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠው የማሽላ አገዳ። ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። ግንባሬን በጥፊ አልኩት። ስኳር ፍለጋ ወልድያ ስንከራተት የዋልኩት ጥንቅሹ በደጃችን ቆሞ ነው!

እቤት ስደርስ እትዬ ዘይነባ ነገሩን ሳልጨርስላት ገባት። የሚወቀጥበት ስትፈልግ ዓይኗ ደጁ ላይ አረፈ። ያንኑ ድንጋይ ገልብጣ አጠበችና ጥንቅሹን ቀጠቀጠችበት፤ በነጠላ ጨርቅ ጨምቃ ወተት ላይ አንጠባጠበች። አባ ይመር ወሬ ሰምተው መጥተው በር ላይ ቆመዋል። አጎቴ አፋቸውን ገጠሙ። እሷ «በሞቴ» ልትል ስትጀምር፣ «አትለምኛቸው፤ ልመና ኩርፊያ ላይ ነው የሚሠራው» አልኩና በማንኪያ ጫፍ ከንፈራቸውን አረጠብኩ። ጠበቅን። ምላሳቸው ብቅ አለ።

«ያ ረቢ!» አለች።

ሐሙስና ዓርብ

በየሰዓቱ ሁለት ሦስት ማንኪያ። ሐሙስ አንዱን ማንኪያ ተፉብኝ፤ ተስፋ ቆርጬ ማሽላው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ዓርብ ግን ግማሽ ኩባያ ጠጡ። «አብሽር» እያለች የምታጽናናኝ እትዬ ዘይነባ ነበረች፤ እኔ ነኝ ላጽናናት የመጣሁት።

ቅዳሜ፤ መመለስ

እትዬ ዘይነባ ለመንገዴ ጥንቅሽ እየላጠችልኝ ነበር። አባ ይመር ሊሰናበቱኝ መጥተዋል። የአጎቴ እጅ ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከጭኗ ላይ አንዱን አንጓ አነሣ፤ ወደ አፋቸው ወሰደው። አኘኩ፣ መጠጡ፣ ገለባውን ተፉ።

«ይጣፍጣል» አሉ።

አባ ይመር አንገታቸውን ደፉ። «ዘይነባ፣ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉ።

እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ታዲያ አንቱም ድንጋዩን ይሸከሙታ!»

ሽማግሌው እውነት መስሏቸው ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ያዙ። ክንዳቸውን ያዘችው።

«ይተዉት፣ አባ ይመር። እሱ አሁን ሥራ አለው።»

እሑድ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። አይጦቹ ለምን ሁለቱ ቦታዎች ጎረቤታሞች እንደሆኑ አሁንም አልነገሩኝም። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ተመለስኩ፦ መራብም እንደ ዓይንና እንደ ጆሮ ሊጠፋ ይችላል፤ የጠፋበትን ሰው የተቀየመ ብለን ሚስቱን ድንጋይ እናሸክማለን። ለመምህራኑ ስነግራቸው አንዱ ጥንቅሽ የሚገኝበትን ወር ጠየቀኝ።

ከወር በኋላ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ፊደሎች ደረሱኝ። «ሙሄ፣ ደህና ነን። ዛሬ አጎትህ ምሳ ዘገየ ብለው ጮኹብኝ። ራበኝ እኮ፣ ራበኝ አሉ! ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቁጣ ሰምቼ አላውቅም።»